ጀበናው ተጥዶ ቡናው ሲረሳ፦ የመርሳት በሽታን በጊዜ መለየት

ጅማ ውስጥ አንድ ትልቅ ሰው ነገር መደጋገም ሲጀምሩ ከቤተሰቡም ከጎረቤቱም አፍ ቀድሞ የሚወጣው ቃል «ጃጁ» የሚለው ነው። ቃሉ በክፋት አይነገርም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው በፍቅር ነው። ጉዳቱ ነገሩን እዚያው መዝጋቱ ነው። «ዕድሜ ነው» ከተባለ በኋላ ግፊታቸውን የሚያስለካ፣ የሚወስዱትን መድኃኒት የሚጠይቅ፣ ሐኪም ቤት ይዟቸው የሚሄድ አይገኝም። ዕድሜ ብቻውን ግን ሰውን አያጃጅም። ያዘገያል፤ ስም እስኪመጣ ያስጠብቃል፣ መነጽር የት እንዳስቀመጡ ያስረሳል፣ በዚሁ ያበቃል። አንድ አዛውንት የአምና የካቻምናውን ራሳቸውን መምሰል ሲያቅታቸው ከበስተጀርባው ምክንያት አለ፤ ከምክንያቶቹም አንዳንዶቹ በቀላል ሕክምና የሚስተካከሉ ናቸው።

ስለዚህ መለኪያው ራሳቸው ናቸው። ከጎረቤት አዛውንት ጋር ወይም ከራሳችሁ ጋር አታወዳድሯቸው። ዕድሜ ልካቸውን የሰው ስም ሲረሱ የኖሩ ሰው ዛሬም ቢረሱ አዲስ ነገር የለም። የዕድሩን መዋጮ ማን እንደከፈለ ማን እንዳልከፈለ በቃላቸው ይዘው የኖሩ ሰው የራሳቸውን መክፈል አለመክፈል ማወቅ ሲያቅታቸው ግን ትልቅ ለውጥ ነው፣ ሌላው ሰው «እኔም እረሳለሁ» ቢልም።

ምን ማለት ነው?

ዲሜንሺያ ወይም የመርሳት በሽታ የአንድ በሽታ ስም አይደለም። ትኩሳት ከወባም ከሳንባ ምችም ከታይፎይድም እንደሚመጣ ሁሉ ዲሜንሺያም ከተለያዩ የአንጎል ሕመሞች ይመጣል። ማስታወስ፣ ማሰብ፣ መናገር፣ መወሰን ቀስ በቀስ እየተዳከሙ የዕለት ኑሮን እስኪያውኩ ሲደርሱ ነው ስሙ የሚሰጠው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ከ55 ሚሊዮን በላይ ሰው ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራል፤ ከ60 በመቶ በላይ የሚሆኑትም ያሉት ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች ነው።

ከ60 እስከ 70 በመቶ ለሚሆነው ምክንያቱ አልዛይመር ነው። ስሙ የመጣው ከጀርመናዊው ሐኪም ከአሎይስ አልዛይመር ሲሆን፣ እሱ በ1906 እ.ኤ.አ. ለሙያ ባልደረቦቹ ያቀረበው ሆስፒታል ሲገቡ 51 ዓመታቸው የነበረ ሴትዮ ታሪክ ነበር። ሴትዮዋ ላይ መጀመሪያ ጎልተው ከታዩት ነገሮች አንዱ በባለቤታቸው ላይ ያደረባቸው ቅናት ነው። ይህን የምናነሳው ምልክቱ ሁልጊዜ በመርሳት እንደማይጀምር፣ ሕመሙም የ80 ዓመት ሰው ብቻ እንዳልሆነ ስለሚያሳይ ነው።

ሁለተኛው የተለመደ ምክንያት የአንጎል ደም ሥሮች መዘጋት ወይም መፍሰስ ነው። አልዛይመር እንደ ቁልቁለት መንገድ ሳይታወቅ ይወርዳል፤ የደም ሥሩ ዓይነት ግን እንደ ደረጃ ነው። ለወራት ባለበት ይቆይና ከአንድ ቀን መውደቅ ወይም የእጅ መዛል በኋላ ዝቅ ይላል። እዚህ ላይ ከማስታወስ ይልቅ ቀድሞ የሚታየው የሐሳብ መጎተትና የእርምጃ መቀየር ነው። ያልታከመ የደም ግፊት ዋናው መንስኤ በመሆኑ፣ ቤት ውስጥ ግፊት ያለባቸው ሰው ካሉ ይህን አንቀጽ ሁለቴ አንብቡት።

የተጎዳው የመጋዘኑ በር ነው

ቤተሰብን በጣም የሚያታልለው የድሮው ትዝታ አለመነካቱ ነው። «የ1967ቱን የመሬት አዋጅ፣ ማን ምን እንዳለ ሳይቀር የሚተርኩ ሰው እንዴት የመርሳት በሽታ ያዛቸው ይባላል?» ይላል ሰው።

አንጎልን እንደ ቡና መጋዘን አስቡት። ከሁለቱ ጆሮዎቻችን ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በግራና በቀኝ ሂፖካምፐስ የሚባል ትንሽ ክፍል አለ። አዲስ ነገርን ተቀብሎ ወደ መጋዘኑ የሚያስገባው እሱ ነው። አልዛይመር ቀድሞ የሚጎዳው ይህን በር ነው። የዛሬ 40 ዓመት የገባው ጆንያ በቦታው ተቀምጧል፤ ዛሬ ጠዋት የመጣው ግን በር ላይ ቀርቷል። ከግማሽ ሰዓት በፊት የነገራችኋቸውን መልሰው የሚጠይቁት ሰምተው ስለናቁ አይደለም። መጀመሪያውኑ አልገባም። «አሁን ነገርኩሽ እኮ!» የሚለው ቁጣ ለእሳቸው ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ቁጣ ነው።

በልጅነት የተያዘ ጸሎትም እንዲሁ ነው። ውዳሴ ማርያምን ሳይሳሳቱ የሚደግሙ እናት፣ ከቁርኣን ረጅም ሱራ በቃላቸው የሚቀሩ አባት ይህን በማድረጋቸው ብቻ አእምሯቸው ደህና ነው አይባልም። በብዙ ዓመት ድግግሞሽ የሠረፀ ነገር ከሁሉም በኋላ ነው የሚነካው።

ጤነኛውን መርሳት ከሕመሙ ለመለየት ቀላል መንገድ አለ፤ ፍንጭ መስጠት። «ትናንት ማን መጥቶ ነበር?» ሲባሉ ዝም ካሉ፣ «ማር ይዛ የመጣችው» በሏቸው። «እህ! የእህቴ ልጅ ናታ!» ካሉ ትውስታው ገብቷል፤ ለማውጣት ብቻ ነው የዘገየው። «ማንም አልመጣም» ብለው ከጸኑ፣ ማሩን አይተውም ካልመጣላቸው፣ ይህም በየሳምንቱ ከሆነ፣ ችግሩ በሩ ላይ ነው።

ቡና ሲያፈሉ ተመልከቱ

በብዙ አገር የሚሠራባቸው ፈተናዎች «ሰዓት ሣል»፣ «ዓረፍተ ነገር ጻፍ» ይላሉ። እርሳስ ይዘው ለማያውቁ እናት ይህ የሚለካው ትምህርታቸውን ነው፣ አእምሯቸውን አይደለም። ለዚህ ነው በታንዛኒያና በናይጄሪያ አዛውንት ላይ የተሠራው አይዲያ የተባለው መመዘኛ በእርሳስ ፈንታ የክብሪት እንጨት የሚጠቀመው፤ መርማሪው በእንጨቶቹ ቅርጽ ይሠራል፣ አዛውንቱ ያንኑ ይደግማሉ። እኛ ጋ ደግሞ በየቤቱ በየቀኑ የሚደረግ ፈተና አለ።

ቡና ማፍላት ሲያዩት የእጅ ሥራ ይመስላል፤ ለአንጎል ግን ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ መያዝ ነው። ጥሬው ይለቀማል፣ ይታጠባል፣ ብረት ምጣድ ላይ ይቆላል፣ ለተቀመጠው ሰው ጭሱ ይቀርባል፣ ይወቀጣል። በዚህ መሃል ጀበናው ውሃ ይዞ ተጥዷል፣ ስኒው ታጥቦ ረከቦት ላይ ተደርድሯል፣ ዕጣኑ ከሰሉ ላይ ነው፣ የቡናው ቁርስ ቀርቧል። ይህን ሁሉ የሚያቀናጀው የአንጎል የፊት ክፍል ነው። እጃቸው የለመደው መቁላትና መቅዳት ለዓመታት ይቆያል፤ መጀመሪያ የሚላላው ቅደም ተከተሉ ነው።

ቀድሞ የሚታየው መዘግየት ነው። ከዚያ በየመሃሉ መቆም ይመጣል፤ ስኒ ይዘው ለምን እንዳነሱት የማሰብ ያህል ቀጥ ይላሉ። የታጠበውን ቡና እንደገና ያጥባሉ። ጀበናው እየተንተከተከ የተወቀጠው ቡና ሳህን ላይ ተቀምጦ ይገኛል፤ ሲቀዳ ነጭ ውሃ ይወርዳል። አቦሉ ሳይቀዳ ለቶናው ውሃ ይጨምሩበታል። አምስት ሰው ተቀምጦ ሦስት ስኒ ይቀዱና ይቆማሉ። ቡና አንድ ቀን ቢያር ማንም ያሳርራል፤ የምትፈልጉት ድግግሞሹን ነው። በወር አንዴ የነበረው በሳምንት ሁለቴ ሲሆን፣ ስህተቱ ሲነገራቸውም ማረም ሲያቅታቸው ወይም ሲቆጡ፣ ልብ በሉ።

ከስህተቱ በፊት ሌላ ምልክት ሊቀድም ይችላል፦ መሸሽ። ጎረቤት ሰብስበው ቡና ማጠጣት የሚወዱ እናት «ዛሬ አንቺ አፍዪው፣ እጄን አመመኝ» ማለት ያበዛሉ። ወንዶች ዘንድ ይኸው ነገር ዕድር ላይ አለመሄድ፣ ሽምግልና ሲጠሩ ምክንያት መደርደር፣ በጨዋታ መሃል ዝም ማለት ሆኖ ይታያል። ብዙዎቹ አንድ ነገር እየጎደላቸው መሆኑን ይሰማቸዋል፤ ሰው ፊት ላለመዋረድ ነው የሚርቁት።

ገበያ፣ ብርና መንገድ

ሄርማታ መርካቶ ደርሰው ሲመለሱ ዘንቢሉን ተመልከቱ። ሦስተኛ ጨው፣ አራተኛ ሳሙና ተገዝቶ የታዘዘው በርበሬ ቀርቶ ከሆነ ጻፉት። መልስ መቁጠር ሲያቅት ደግሞ መሸፈኛ አለው፦ የያዙትን ብር ሁሉ ዘርግተው «የሚበቃሽን ራስሽ ውሰጂ» ይላሉ። ስለ 200 ብር ኖት አንድ ነገር እንበል። ኖቱ የመጣው በ2013 ነው፤ አዛውንቱ መጀመሪያ አካባቢ ከሌላው ቢያምታቱት አዲስ ነገር መልመድ ስለሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ለምደውት ሲጠቀሙበት ቆይተው ተመልሰው መለየት ካቃታቸው ግን ለውጥ ነው።

መንገድም በዚሁ ሚዛን ይታያል። አዲስ ሰፈር ለልጃቸው ጥየቃ ሄደው መንገድ ቢጠፋባቸው የማንም ነው። 30 ዓመት ከተመላለሱበት መስጊድ ወይም ቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መታጠፊያውን ካለፉ፣ ባጃጅ ተሳፍረው ወዴት እንደሚሄዱ መናገር ካቃታቸው፣ ቀጠሮ ለመያዝ ሌላ ምልክት አትጠብቁ።

ቀን መቁጠር፣ ሶላትና ጾም

የሐኪም ቅጽ «ቀን፣ ወር፣ ዓመት» ይጠይቃል። ቅጹ በፈረንጆች ቀን አቆጣጠር ከሆነ እናታችን በትክክል የመለሱት «ኅዳር» ስህተት ተብሎ ሊመዘገብባቸው ይችላል፤ ሰዓቱም ስድስት ሰዓት ይለያያል። እናንተ ቤት ስትጠይቁ በሚኖሩበት አቆጣጠር ጠይቁ፦ ዛሬ ጾም ነው ፍስክ? የሚቀጥለው ጁምዓ መቼ ነው? ረመዳን ካለፈ ምን ያህል ሆነው? አሁን ክረምት ነው በጋ? ቁጥሩን በአንድ ቀን ቢስቱ ምንም አይደለም፤ ቡና ለቀማው ሲጀምርና ሲያልቅ፣ ዝናብና ፀሐይ ሲፈራረቅ የት ላይ እንዳሉ ማወቅ ሲያቅታቸው ነው ጉዳዩ።

ሶላት በራሱ የቆጠራ ሥራ ነው፤ ሱብሂ 2፣ ዙህር 4፣ አስር 4፣ መግሪብ 3፣ ኢሻ 4 ረከዓ። መርሳት የሰው ልጅ ጠባይ በመሆኑ ሃይማኖቱም የመርሳት ሱጁድ አለው፤ አንዴ መሳት ምልክት አይደለም። በተከታታይ ሳምንታት ሦስት ይሁን አራት የማያውቁ፣ ሰግደው ወዲያው «አልሰገድኩም» ብለው ውዱእ የሚያደርጉ፣ ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት «ሱብሂ አለፈኝ» ብለው የሚነሱ ከሆነ ደብተር ላይ ይግባ። ሃምሳ ዓመት ረቡዕና ዓርብ የጾሙ እናት ረቡዕ ጠዋት ወተት ጠጥተው ሲነገራቸው ቢደነግጡም እንዲሁ። ድንጋጤያቸውን አክብሩት እንጂ አትሳቁበት።

የሚያመልጥ ቃል፣ የሚመለስ ቋንቋ

ቢላዋን «ያ የሚቆረጥበት»፣ ማንኪያን «ያ ነገር» ማለት ሲበዛ፣ የጀመሩት ወሬ መሃል ላይ ሲበጠስ፣ ስም ሲፈልጉ ወደ ሌላ ሰው ስም ሲሄዱ፣ ቋንቋ ተነክቶ ሊሆን ይችላል። ጅማ ላይ ይህን የሚያወሳስብ ነገር አለ። ብዙ አዛውንት ሁለትና ሦስት ቋንቋ ነው የሚናገሩት፦ ኦሮምኛ፣ አማርኛ፣ ዳውሮኛ፣ የምኛ፣ ከፍኛ፣ ጉራጊኛ። የመርሳት በሽታ ሲይዝ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚደክመው በኋላ የተለመደው ቋንቋ ነው። በአማርኛ ልጆች ያሳደጉ እናት ለልጅ ልጃቸው በዳውሮኛ ሲመልሱ ልጁ ግራ ይገባዋል። ከዚህ የሚከተለው ተግባራዊ ነገር፦ ምርመራው አፋቸውን በፈቱበት ቋንቋ ይደረግላቸው። በሁለተኛ ቋንቋቸው ተጠይቀው የወደቁት ፈተና አያስተማምንም፤ አስተርጓሚ ከሆናችሁም ጥያቄውን ብቻ አድርሱ፣ መልሱን አትቀምሙላቸው።

ይህን ደግሞ ሐኪሞች በምርመራ ክፍል ያዩታል። ጥያቄው ወደ አዛውንቱ ይሄዳል፤ እሳቸው ዞር ብለው ባለቤታቸውን ወይም ልጃቸውን ያያሉ፤ መልሱ ከዚያ እንዲመጣ። በጨዋታ መሃል ይህ መዞር ሲበዛባቸው ካያችሁ፣ ለሳምንት ቶሎ ሳትመልሱላቸው ቆዩና ራሳቸው የሚመልሱትን ስሙ።

«ሰረቀችኝ»፣ «ልጆች ገቡ»

ቤተሰብን ይበልጥ የሚያቆስለው የጠባይ ለውጥ ነው። አዛውንቷ ገንዘባቸውን ከፍራሽ ሥር ወደ ጤፍ ጆንያ ያዛውራሉ፤ ማዛወራቸው ግን አልተመዘገበም። ሲያጡት ያላቸው ብቸኛ ማብራሪያ «ተሰረቅሁ» ነው። ጣቱ የሚቀሰረውም ቤት ውስጥ አቅመ ቢስ በሆነችው ላይ፣ ማለትም በሠራተኛዋ ላይ ነው። በዚህ ምክንያት ደመወዟን ሳታገኝ የተባረረች ልጅ ካለች በደል ነው፤ መጀመሪያ ጆንያው ይፈተሽ፣ ያልተለመዱ ቦታዎች ይታዩ።

ሌላው ማየት ነው። ማታ ማታ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሕፃናት፣ ትናንሽ ሰዎች፣ ድመት የሚያዩ፣ እርምጃቸው ያጠረና ሰውነታቸው የገተረ፣ አንድ ቀን ንቁ በማግሥቱ ፍዝዝ የሚሉ፣ በእንቅልፋቸው የሚጮኹና የሚራገጡ አዛውንት፣ ሌዊ ቦዲ የተባለው ዓይነት ሊሆንባቸው ይችላል። በየሰፈሩ «ጂን ነው»፣ «ዛር ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ጸበሉም ዱዓውም ይቀጥል፣ ሕክምናውን ግን አይተካው። ለሐኪሙ ማየታቸውን ሳትደብቁ ንገሩ፤ ምክንያቱም ለቅዠትና ለረብሻ የሚሰጠው ሃሎፔሪዶል እነዚህን ሰዎች ክፉኛ ሊያደነዝዛቸው፣ ሰውነታቸውን ሊያገትረው፣ ለሞትም ሊያደርሳቸው ይችላል።

ከ45 እስከ 65 ዓመት ባለው ዕድሜ የሚጀምር፣ ትውስታን ሳይነካ ይሉኝታን የሚያጠፋ ዓይነትም አለ። ጨዋ የነበሩ ሰው በለቅሶ ቤት ይስቃሉ፣ ከሰው ሳህን ያነሳሉ፣ ስድብ ያበዛሉ። ባለጉ ብሎ ከመፍረድ በፊት ሐኪም ይያቸው።

ሌላ ሆኖ የመርሳት በሽታ የሚመስል

በሰዓታት ወይም በሁለትና ሦስት ቀን ውስጥ የመጣ መቃዠት የመርሳት በሽታ አይደለም። ድንገተኛ የአንጎል መታወክ ነው፤ በዚያው ቀን ሐኪም ቤት ይፈልጋል። መለያው ትኩረት ነው፦ ከእሑድ ጀምረው ቀናቱን ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ ጠይቁ፤ ትናንት የሚችሉ የነበሩት ዛሬ ሁለት ቀን ሳይቆጥሩ ይጠፉባችኋል፣ ቀን ያንቀላፋሉ፣ ሌሊት ይረበሻሉ። ምክንያቱ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ የሳንባ ምች፣ ወባ፣ የውሃ ጥም፣ ከባድ የሆድ ድርቀትም ሊሆን ይችላል። አዛውንት ትኩሳት ሳያሳዩ እንደሚታመሙ አትርሱ። የስኳር መድኃኒት የሚወስዱ ከሆኑ ቀድሞ ስኳራቸው ይለካ፤ መለኪያ ከሌለ፣ ካላባቸውና ከተንቀጠቀጡ፣ መዋጥም ከቻሉ፣ ስኳር የበዛበት ውሃ ወይም ሻይ ስጧቸው። ፊታቸው ከተጣመመ፣ አንድ እጃቸው ከዛለ፣ ንግግራቸው ከተኮላተፈ ግን ሳትዘገዩ በዚያው ሰዓት ሆስፒታል።

ድብርትም መርሳትን ይመስላል፣ በተለይ ከሐዘን በኋላ። በድብርት የተያዙ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ራሳቸው ያማርራሉ፦ «ጭንቅላቴ አልሠራ አለ»፤ ሲጠየቁም «አላውቅም» ብለው ይተዋሉ። የመርሳት በሽታ የያዛቸው ይሞክራሉ፣ ይስታሉ፣ ስህተቱንም ይሸፍናሉ። ድብርት ይታከማል።

መድኃኒት ራሱ ጥፋተኛ ሊሆን ይችላል። ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለጉንፋንና ለማሳከክ ከፋርማሲ የሚገዛው ክሎርፌኒራሚን፣ ከአእምሮ ሕክምና መድኃኒቶች ጋር የሚታዘዘው ትራይሄክሲፈኒዲል፣ ለማስታወስ የሚያስፈልገውን አሴቲልኮሊን የተባለ የአንጎል መልእክተኛ ያግዳሉ። ለእንቅልፍ የሚዋጠው ዲያዜፓምም በአዛውንት ሰውነት ውስጥ ለቀናት ይቆያል። ቀን ጫት ሲቅሙ ውለው ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ስላላቸው ዲያዜፓም የሚወስዱ አዛውንት በሁለቱም በኩል ይጎዳሉ። ለረጅም ጊዜ የተወሰደ ዲያዜፓም ግን በአንድ ቀን አይቆምም፤ በሐኪም ምክር ቀስ እየተባለ ይቀነሳል።

ሌሎቹን ባጭሩ። ቫይታሚን ቢ12 ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል እንጂ ከእህልና ከአትክልት አይገኝም፤ ጾም የሚያጠብቁ፣ ሜትፎርሚን ወይም ኦሜፕራዞል ለዓመታት የሚወስዱ አዛውንት ሊያጥራቸው ይችላል፤ መርፌው ርካሽ ነው። እንቅርት ያለባቸው፣ የሚበርዳቸውና ሆዳቸው የሚደርቅ፣ ነገራቸው ሁሉ የተጎተተ ሰው የታይሮይድ ሆርሞን ምርመራ ያስፈልጋቸዋል። አረቄ የሚያዘወትሩ ሰው ቫይታሚን ቢ1 ያልቅባቸዋል። ኤች አይ ቪና ቂጥኝ አእምሮን ይነካሉ፤ በዕድሜያቸው አፍራችሁ ምርመራውን አታስቀሩ። ወድቀው ጭንቅላታቸው ከተመታ፣ ደም ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ ሊያፈዝዛቸው ይችላል፤ ይህ በሲቲ ስካን ይታያል፣ በቀዶ ሕክምናም ይወጣል። እግራቸው ወለል ላይ የተጣበቀ ይመስል የሚራመዱ፣ ሽንት ያመልጣቸው የጀመሩና የሚረሱ ከሆነ ሦስቱ አንድ ላይ መሆናቸውን ለሐኪሙ ንገሩ።

የመስማት ነገር ደግሞ አይናቅ። ያልሰሙት ነገር አይታወስም። ላንሴት ኮሚሽን የተባለው የባለሙያዎች ቡድን በ2024 እ.ኤ.አ. ለመርሳት በሽታ ከሚያጋልጡና ሊስተካከሉ ከሚችሉ 14 ነገሮች መሃል የመስማትና የማየት መድከምን አስቀምጧል። አንዳንዴ ችግሩ በጆሮ የደረቀ ኩክ ነው፤ ነርስ ታጥብላቸዋለች። የዓይን ሞራም ይገፈፋል።

ደብተሩና ቀጠሮው

አንድ ባለ 50 ገጽ ደብተር ግዙና ለአራት ሳምንት ጻፉ፤ ጎረቤት በማያየው ቦታ ይቀመጥ። በየመስመሩ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የሆነውን ነገር፣ ድሮ እንዴት ያደርጉት እንደነበር አስፍሩ። «ይረሳሉ» ብላችሁ አትጻፉ። «ማክሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት ውስጥ ‹ልጁ ደውሏል ወይ?› አራት ጊዜ ጠየቁ፤ አምና እንዲህ አልነበሩም» ብላችሁ ጻፉ። ሐኪሙ የሚፈልገው ሁለተኛውን ነው። አሜሪካ ሴንት ሉዊስ ባለው ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ የተዘጋጀው ኤዲ-8 የተባለ መጠይቅም ቤተሰብን የሚጠይቀው ስለ ለውጥ ነው፦ ውሳኔያቸው ተበላሽቷል? የሚወዱት ነገር ሰልችቷቸዋል? ይደጋግማሉ? አዲስ ዕቃ መጠቀም ያቅታቸዋል? ወርና ዓመት ይስታሉ? የገንዘብ ጉዳይ ይከብዳቸዋል? ቀጠሮ ይረሳሉ? ማሰብና ማስታወስ በየቀኑ ያስቸግራቸዋል? ከስምንቱ በሁለት ወይም ከዚያ በላይ «አዎ፣ ተለውጧል» ከሆነ መመርመር አለባቸው። ይህ በራሱ «በሽታው አለ» ማለት አይደለም።

በቅርብ ካለው ጤና ጣቢያ ጀምሩ፤ ካስፈለገ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ሪፈር ይጻፍላችኋል። የሚዋጥ፣ የሚቀባ፣ የሚጠጣ የባህል መድኃኒት ሳይቀር ያለውን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። መነጽራቸው አይረሳ። አብሯቸው የሚሄደው ከአዲስ አበባ ለሁለት ቀን የመጣው ልጅ ሳይሆን አብሯቸው የሚውለው ይሁን። ዕድሜያቸው የማይታወቅ ከሆነ «መሬት ላራሹ ሲታወጅ ምን ያህል ነበሩ?» ብላችሁ አስቀድማችሁ አስሉት፤ ያኔ 20 ዓመት ከነበሩ ልደታቸው 1947 ገደማ ነው። ግፊት፣ ስኳር፣ የደም ማነስ፣ የኩላሊትና የጨው መጠን፣ ታይሮይድ፣ ሲቻል ቢ12፣ ኤች አይ ቪና ቂጥኝ እንዲታዩ ጠይቁ። ሲቲ ስካን ለሁሉም አይታዘዝም፤ መውደቅ፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የራስ ምታት ወይም ፈጣን ለውጥ ካለ ግን አስታውሱ።

አልዛይመርን የሚያድን መድኃኒት እስካሁን የለም። እንደ ዶኔፔዚል ያሉት ለአንዳንዱ ሰው ምልክቱን ለተወሰነ ጊዜ ያቀሉለታል፤ «ያድናል» ብሎ በውድ የሚሸጥላችሁን አትመኑ።

እንዴት ይነገራቸው

«እማዬ፣ ጭንቅላትሽ ተበላሽቷል፣ ሆስፒታል እንሂድ» ያለ ልጅ ዳግመኛ አይሰማም። «እማዬ፣ ሰሞኑን ደክሞሽ አያለሁ፤ ግፊትሽን እንለካና ዓይንሽንም ይዩልሽ» ማለት ውሸት የለበትም፣ ሁለቱም ይደረጋሉና። በሰው ፊት «እኔ ማን ነኝ? ንገሪኝ እስቲ» እያላችሁ አትፈትኑ። ራሳቸው «ምን ሆኜ ነው?» ብለው ከጠየቁ ግን እውነቱን በእርጋታ ንገሯቸው፤ የማወቅ መብት አላቸው።

በጊዜ ማወቅ ለቤትና ለመሬት ጉዳይም ያስፈልጋል። ኑዛዜና ውክልና የሚጸናው ሰውየው የሚያደርጉትን እያወቁ ሲያደርጉት ነው። በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በተናዛዡና በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት። ሐሳባቸው ገና ጥርት ባለበት ጊዜ የሚፈልጉትን እንዲሉ ዕድል ስጧቸው፤ ዘግይቶ የተደረገ ኑዛዜ ወንድምና እህትን ፍርድ ቤት ያመላልሳል።

ቤት ውስጥ ቀድሞ መስተካከል ያለበት እሳት ነው። ከሰል በተዘጋ ክፍል ውስጥ አይደር፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ምድጃው ከቤት ይውጣ። የስልክ ቁጥር በጨርቅ ላይ ተጽፎ ከቀሚስ ወይም ከኮት ውስጥ ይሰፋ፤ የመታጠፊያው ባለሱቅና የሰፈሩ የባጃጅ ሾፌሮች ይወቋቸው። ዘንቢላቸውን አትቀሟቸው፣ ትንሽ ብር አስይዟቸው እንጂ።

ረከቦቱንም አትንጠቋቸው። የሚለቅሙት፣ የሚቆሉት፣ የሚቀዱት እሳቸው ይሁኑ፤ እጃቸው ያውቀዋል። እናንተ የተወቀጠውን ቡና ልክ ለአንድ ጀበና በሚበቃ መጠን በስኒ ለክታችሁ ከጀበናው አጠገብ አኑሩ፣ ጀበናው ሲንተከተክም «እማዬ፣ አሁን ጨምሪበት» በሏቸው።